እድሩ ከመድረሱ በፊት

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍልና ከቤት ለቤት ጉብኝት ቡድን የቀረበ ንግግር)



ከሒሳብ ክፍል በየጉባኤው የምንቆመው ገቢና ወጪ ለማንበብ ነው። የዘንድሮው ሪፖርት በእጃችሁ ስላለ ጥያቄ ያላችሁ ከሻይ በኋላ እንነጋገርበታለን። አሁን ግን መዝገባችን ላይ ያልሰፈረ አንድ ሌሊት አለ፤ እሱን እንንገራችሁ። ታሪኩ የአንዲት እናታችን ነው። ፈቃዳቸውን ስንጠይቅ «ስሜን አትጥሩ እንጂ ንገሩ፤ ሌላዋ ትማርበት» ብለውናል። ዛሬም እዚሁ ከመካከላችሁ ተቀምጠዋል።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ነሐሴ ነው። እናታችን ሰባ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ብቻቸውን ይኖራሉ። የድሮ ሰፈራቸው ሲፈርስ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደርሷቸው ገቡ። ልጃቸው ዓረብ አገር ናት። ሌሊት ለሽንት ሲነሡ መብራት ጠፍቷል። ሻማ ፍለጋ በዳበሳ ሲሄዱ እግራቸው በምንጣፉ ጫፍ ተጠለፈና ወደቁ፤ ዳሌያቸው ተሰበረ። ስልካቸው ብፌው ላይ ነበር። በሩ ከውስጥ በመቀርቀሪያ ተዘግቷል። ተጣሩ፤ የነሐሴ ዝናብ ድምፃቸውን ዋጠው።

የወደቁት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም ነው። ሰው የደረሰላቸው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ እሱም ወተት የምታመጣላቸው ልጅ ደጋግማ አንኳኩታ መልስ ስታጣ ጎረቤት ጠርታ ነው። ሰባት ሰዓት ሙሉ በቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ተኝተዋል። በሩን የሕንፃው ጎረምሶች በዲጅኖ ሰበሩት።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ደግሞ ሌላ ፈተና ጠበቀን። ሐኪሙ «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» አለን። እናታችን «ነጯንና ቢጫዋን» ከማለት ውጭ ስሟን አያውቁም፤ እኛም አናውቅም። ልጃቸው ጋ እንደውል ብለን ስልካቸውን ስንከፍት የተመዘገቡት ቁጥሮች ስም የላቸውም። እናታችን ፊደል ስላልቆጠሩ ቁጥሩን የሚለዩት በመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ነበር፤ በዚያ ሕመም ውስጥ ሆነው ግን ማስታወስ አቃታቸው። እኛ አሥር ዓመት አብረን ቁጠባ የቆጠብን፣ በየወሩ ቡና አብረን የጠጣን ሰዎች ነን። የቁጠባ ሒሳባቸውን እስከ ሳንቲሙ እናውቃለን፤ የልጃቸውን ስልክ ግን አናውቅም ነበር።

ከሕክምና ወጥተው ስንጠይቃቸው እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ ሞቼ ቢሆን ኖሮ እኮ እስከ ረፋድ ድንኳኑ ተተክሎ ወንበሩ ተደርድሮ ነበር። ያን ሌሊት ይኼ ሁሉ ሰው የት ነበረ?»

ይህን ጥያቄ ይዘን ነው ዛሬ የቆምነው።

እድራችን የሚያኮራ ነው። ጥሩንባ ሲነፋ ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱ፣ ብርጭቆው የት እንዳለ፣ ማን እንደሚያወጣው፣ ማን ውኃ እንደሚቀዳ፣ ማን እንጀራ እንደሚያመጣ የማያውቅ የለም። ተረኛ አለን፤ የቀረ ይቀጣል። ይህን ሁሉ ያዘጋጀነው ሞት ሳይነገር እንደሚመጣ ስለምናውቅ ነው። መውደቅም፣ እሳትም፣ ድንገተኛ ሕመምም ሳይነገሩ ነው የሚመጡት። ለእነሱ ግን ተረኛ የለንም።

ከሁሉ አስቀድመን የራሳችንን ጥፋት እንናገር፤ ደጋፊዎቻችንም ባሉበት መናገሩ ተገቢ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በተሰጠን ድጋፍ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኖች ገዝተን ለአረጋውያን አባሎቻችን አድለናል። ደረሰኙ አለ፣ የርክክብ ፊርማው አለ፣ ኦዲተሩም ያገኘብን ጉድለት የለም። እናታችን ከወደቁ በኋላ ቤት ለቤት ስንሄድ ግን ሣጥኖቹን ከነፕላስቲካቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎባቸው አገኘናቸው። አንዳንዶቹ ውስጥ ያለው መድኃኒት ጊዜው አልፏል። አንዲት እናት «ለእንግዳ ነው ያስቀመጥኩት» አሉን። ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ ሥራው ግን አልተሠራም። ዕቃ ሰጥተን ወጣን እንጂ ከእነሱ ጋር ቁጭ ብለን «ያ ሌሊት ቢመጣ ምን እናደርጋለን?» ብለን አልተነጋገርንም።

ስለዚህ ዘንድሮ ዕቃ ሳንይዝ ሄድን። ብቻቸውን ወይም ከትንንሽ ልጆች ጋር የሚኖሩ 14 እናቶችን ቤት፣ ሁለት ሁለት እየሆንን፣ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ጎበኘን። የመጀመሪያው ጉብኝት ለቡና ብቻ ነው። እውነቱን ለመናገር አጀማመሩ አልቀናንም። አንዷ እናት ገና ወሬውን ስንጀምር «አታሟርቱብኝ!» ብለው አማተቡ። ሌላዋ «ለሞቴ ልታዘጋጁኝ ነው?» አሉን። መልስ ያገኘነው ከአንዲት ሌላ እናት ነው፤ «ክረምት ሳይገባ ጣራ የሚያስጠግን ሰው ዝናብ ጠራ ይባላል?» አሉልን። ከዚያ በኋላ በየቤቱ የእሳቸውን ቃል ይዘን ነው የገባነው።

አሁን ከእነዚያ ቤቶች የተማርነውን በተራ እንንገራችሁ።

አንደኛው በር ነው። ከሦስቱ በቀር ሁሉም እናቶች ሌሊት በራቸውን ከውስጥ ይቀረቅራሉ። ሌባ ይፈራሉ፤ እውነታቸውን ነው። ቁልፍ ለጎረቤት ስጡ ብንላቸው ደግሞ «ዕቃዬ አንድ ቀን ቢጎድል የማንን ስም ላነሣ ነው?» ይላሉ፤ ይኼም እውነት ነው። መፍትሔውን ያገኘነው ከራሳችን የገንዘብ ሣጥን ነው። ሣጥናችን ሦስት ቁልፍ እንዳለውና ማንም ብቻውን እንደማይከፍተው ታውቃላችሁ። በዚያው መንገድ ትርፍ ቁልፉን ፖስታ ውስጥ አሽገን፣ በመዝጊያው ላይ እናታችን አውራ ጣታቸውን አሳርፈውበት፣ ራሳቸው ለመረጡት ጎረቤት ሰጠን። ፖስታው ከተቀደደ ይታወቃል። በየሦስት ወሩ ሄደን እናያለን። በሩ ላይ ያለው ከውስጥ ብቻ የሚከፈት መቀርቀሪያ ከሆነም በውጭ በቁልፍ በሚከፈት እንዲቀየር አድርገናል። ማን ይያዘው የሚለውን ግን እኛ አልወሰንንም። አንዲት እናት የቅርብ ዘመዳቸውን ትተው ፊት ለፊት ያለችውን የጉሊት ነጋዴ መረጡ፤ «እሷ ሌሊትም ቀንም ትሰማኛለች» አሉ።

ሁለተኛው ስልክ ነው። ስልክ ብፌ ላይ ሆኖ ጥቅም የለውም። ከመቀነት ጋር በሚታሰር ትንሽ ከረጢት ውስጥ፣ ሌሊት ደግሞ ከትራስ ሥር ይሁን። ፊደል ለማይለዩ እናቶች ቁልፍ ያለውን ስልክ አስተካክለን፣ ሁለት ቁጥርን ለረጅም ጊዜ ሲጫኑ ጎረቤት፣ ሦስትን ሲጫኑ ልጅ እንዲጠራ አደረግን። በቃል መያዝ ያለባቸው ቁጥሮች ሦስት ናቸው፦ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እዚህ አዲስ አበባ ለእሳትና ለድንገተኛ አደጋ 939፣ ለፖሊስ 991። እነዚህን በወፍራም ቀለም ጽፈን በር ላይ ለጠፍን፤ ግን መለጠፍ ብቻ አይበቃም። «ያሉበትን ቦታ ይንገሩኝ» ብለን እንደ አምቡላንስ ሠራተኛ ስንጠይቃቸው ብዙዎቹ «ድሮ ወፍጮ ቤቱ ከነበረበት ጀርባ» ነው የሚሉት። ወፍጮ ቤቱ ከፈረሰ ቆይቷል። ስለዚህ ዛሬ ቆሞ ያለ ምልክት፣ የሕንፃ ቁጥር፣ ፎቅና የቤት ቁጥር አብረን አጠናን። አንድ ሰው ዋናው አስፋልት ድረስ ወጥቶ አምቡላንሱን እንዲቀበልም አስቀድመን ተነጋገርን። አምቡላንስ ሰፈር ገብቶ ቤት ሲፈልግ የሚያልፈው ጊዜ የታማሚዋ ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ወረቀት ነው። አንድ ገጽ ብቻ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ያለባቸው ሕመም፣ የሚወስዱት መድኃኒት ስምና መጠን፣ የማይስማማቸው መድኃኒት፣ የሁለት ሰዎች ስልክ። ከእሱ ጋር የመታወቂያና የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድ ኮፒ። የመድኃኒቱን ስም ከአፍ ሳይሆን ከማሸጊያው ላይ እንገልብጥ፤ ሐኪም ሲቀይር ወረቀቱም ይቀየር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተምረናል። አንዲት እናት የሚወስዱትን መድኃኒት ጎረቤት እንዲያውቅ አልፈለጉም። እኛ ወረቀቱን በር ላይ ለመስቀል ተዘጋጅተን ነበር፤ እሳቸው ዝም ሲሉ ገባን። የእሳቸው ወረቀት በታሸገ ፖስታ ሆኖ፣ ከላዩ «ለሐኪም ብቻ» ተብሎበት፣ ከትራሳቸው ሥር ተቀምጧል። እናቶቻችን የሚረዳቸው ሰው ስላገኙ ምስጢራቸው የሁሉ ሰው አይሆንም።

አራተኛው መድኃኒት ራሱ ነው። የግፊትም ሆነ የስኳር መድኃኒት ያለቀ ዕለት መግዛት ልማዳችን ነው። በዓል ሲሆን፣ መንገድ ሲዘጋ፣ መድኃኒቱ ከገበያ ሲጠፋ ግን ያ ቀን ባዶ ይሆናል። ሁልጊዜ ቢያንስ የአንድ ሳምንት ትርፍ እንዲኖር እናድርግ፤ አሮጌው ቀድሞ ይወሰድ፤ አዲሱ ይቀመጥ። ኢንሱሊን የሚወጉ እናቶች ቤት ፍሪጅ ከሌለ አቀማመጡን የጤና ባለሙያ አሳይቷቸው እንደሆነ እንጠይቅ። ሙቀትም ያበላሸዋል፣ በረዶ መሆንም ያበላሸዋል።

አምስተኛው እሳትና ከሰል ነው። በብርድ ጊዜ የቡናውን ከሰል ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ መተኛት በየቤቱ አለ። ከሰሉ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋ «አሁን ጉዳት የለውም» እንላለን። ጉዳቱ ያለው እዚያ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፤ የተኛ ሰው ግን ምኑንም ሳያውቅ ያልፋል። አመድ የለበሰ ፍምም ያው ነው። ከመተኛት በፊት ምድጃው ይውጣ፤ ቡና ሲፈላም መስኮት ይከፈት። እንዲህ የሆነ ሰው ካገኘን መጀመሪያ ወደ ንጹሕ አየር እናውጣው፤ ከዚያ 907። የሲሊንደር ጋዝ ከሸተተን በርና መስኮት ከፍተን ሲሊንደሩን እንዝጋ፤ መብራት ማብራትም ማጥፋትም የለብንም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወይም ገመድ ቢቀጣጠል ውኃ አንድፋ፤ መድረስ ከቻልን ከቆጣሪው እናጥፋ፤ እሳቱ ከአቅም በላይ ከሆነ ዕቃ ለማትረፍ ሳንል እናቶቻችንን ይዘን እንውጣ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በሻማ ፈንታ የእጅ ባትሪ ከአልጋው ራስጌ ይሰቀል።

ስድስተኛው መውደቅ ነው። ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ያለውን መንገድ ሌሊት መብራት አጥፍተን አብረናቸው ተጓዝን፤ በቀን የማይታየው ሁሉ ያኔ ታየ። የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ የተዘረጋ ገመድ፣ የውኃ ጀሪካን፣ የሚያዳልጥ ነጠላ ጫማ። እነዚህን ማንሣት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። ሽንት ቤታቸው ውጭ ለሆነ እናቶች ሌሊት ፖፖ መጠቀም ነውር እንዳልሆነ እኛው ቀድመን እንናገር። የወደቀች እናት ስናገኝ ደግሞ ደንግጠን ብብቷን ይዘን አናንሣ። ዳሌዋን ወይም እግሯን በጣም ካመማት፣ ወይም ጭንቅላቷ ተመትቶ ከሆነ ባለችበት ጋቢ እናልብሳት፤ ምግብም ውኃም ሳንሰጥ እርዳታ እንጥራ።

ሰባተኛው ጊዜ የማይሰጥ ሕመም ነው። የአንድ ወገን ፊት ሲወርድ፣ አንድ እጅ አልነሣ ሲል፣ ንግግር ሲኮላተፍ «ነፋስ ነው፣ ይለቃታል» ብለን እስኪነጋ አንጠብቅ። ስትሮክ ሊሆን ይችላል። የጀመረበትን ሰዓት እንያዝ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚጠይቀን አንዱ እሱ ነው።

የመጨረሻው ደረጃው ነው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ከአፋር ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ብዙዎቻችን ልጅ አቅፈን ከፎቅ ወርደናል። አራተኛ ፎቅ ያሉት እናታችን ግን ማንም ስላላወረዳቸው አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ጸሎት ሲያደርጉ አደሩ። «ተውኩት፤ ማንን ላስቸግር?» ነው ያሉን። መንቀጥቀጡ ላይ እያለ ደረጃ ላይ መሯሯጥ ራሱ አደጋ አለው፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ራስን መከለል ይሻላል። ሲያቆም ግን ማን ያወርዳቸዋል? አስከሬን ለመሸከም የሚሽቀዳደሙ ጎረምሶች በየሕንፃው አሉን። ሄደን ለመንናቸው። አንድ እሑድ ከሰዓት ባለመደገፊያ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ በነጠላ አስረው፣ አራት ሆነው እናታችንን ከአራተኛ ፎቅ አወረዷቸው። ታች ሲደርሱ «ከገባሁ ጀምሮ ግቢውን በደንብ ሳየው ዛሬ ገና ነው» አሉ። እኛ ስለ መንቀጥቀጥ ልምምድ መስሎን ነበር፤ ለእሳቸው ከቤት የወጡበት ቀን ሆነ። አሁን ልጆቹ በወር አንዴ ያወርዷቸዋል።

ከእናቶቻችንም የተማርነው አለ። ሁለት ጎረቤታሞች እኛ ሳንነግራቸው ምልክት ነበራቸው፦ ሁለቱም ጠዋት እንደተነሡ መጋረጃቸውን ይገልጣሉ። እስከ ሁለት ሰዓት ያልተገለጠ መጋረጃ ካለ ሌላኛዋ ሄዳ ታንኳኳለች። ዋጋው ባዶ ነው፤ ከገዛነው ሁሉ ግን ይበልጣል። ወደ ሌሎቹም ቤቶች ወስደነዋል።

የሒሳብ ሰዎች ነንና ወጪውንም እንንገራችሁ። ቁልፍ ማስቀረጽ፣ መቀርቀሪያ መቀየር፣ የእጅ ባትሪ፣ የፕላስቲክ ፋይልና ፎቶ ኮፒ ተደምሮ ለአንድ ቤት ከ2,500 ብር አልበለጠም። በደብተራችን የማይገባው ወጪ ጊዜ ነው፤ ለአንድ ቤት ሦስት ጉብኝት፣ ከዚያም በየሦስት ወሩ መመለስ።

ስለዚህ ለጉባኤው ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ዕድሜያቸው የገፋ እያንዳንዷ አባላችን ራሳቸው የመረጧቸው ሁለት ተጠሪዎች ይኑሯቸው፤ ስማቸውም እንደ እድር ተረኛ በመዝገብ ይያዝ። ሁለተኛ፣ ከወርሃዊ መዋጮአችን ትንሽ ድርሻ ለድንገተኛ ጊዜ መጓጓዣና ለመጀመሪያ ሕክምና ተለይቶ ይቀመጥ፤ ገንዘቡ ሌሊትም ቢሆን በስልክ የሚላክ ይሁን እንጂ ሦስት ፊርማ እስኪሟላ ጠዋት የሚጠብቅ አይሁን። ወጪውን በማግሥቱ በደረሰኝ እናወራርዳለን።

ደጋፊዎቻችንን ደግሞ የምንለምነው ተጨማሪ ሣጥን አይደለም። የጎብኚዎቻችንን ትራንስፖርትና የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠናን ደግፉልን። በሚቀጥለው ሪፖርታችን ስንት ዕቃ እንዳደልን ሳይሆን ስንት ቤት ተመልሰን እንደሄድን እንጽፍላችኋለን።

ስትወጡ በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ባለ አንድ ገጽ ወረቀቱን ውሰዱ። ዛሬ ማታ ከእናታችሁ፣ ከአክስታችሁ ወይም ከጎረቤታችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ሙሉት። ማንበብ ለማይችሉት አንብቡላቸው፤ ሳይጠየቁ ምንም አትጻፉ። ሰባት ሰዓት ወለል ላይ የተኙት እናታችን የመጀመሪያዋን ቅጂ ትናንት ወስደዋል። ከላይኛው ፎቅ ላሉት ጎረቤታቸው ነው ያሉን።

ፈጣሪ ለእናቶቻችን ረጅም ዕድሜና ጤና ይስጥልን።